ልብ ወለድ ስናነብ ምን ሙዚቃ እንክፈት?

 የዛሬው ንግግር ፊደል ቆጥራችሁ ማንበብ ለጀመራችሁ ነው።

መርካቶ፣ በርበሬ ተራ የሚሠሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ማታ ቤቴ ገብቼ መጽሐፍ እይዛለሁ። ውጪው ጫጫታ ነው። ጫጫታውን ለመሸፈን ሙዚቃ እከፍታለሁ። ከዚያ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ባነበውም አይገባኝም። ማንበብ ሊጠፋብኝ ነው እንዴ?»

አይጠፋብዎትም፣ እማማ። ግን ፍርሃትዎ ከንቱ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ፊደል ከቆጠሩት መካከል፣ ንባቡን ስለተዉ መልሰው የረሱ አሉ። ስለዚህ ሙዚቃውን እንምረጥ እንጂ መጽሐፉን አንዝጋ።

ችግሩ ምንድን ነው? ዘፋኙ ቃል ይናገራል። መጽሐፉም ቃል ይናገራል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራዎት ማንን ይሰማሉ? ጀማሪ አንባቢ ፊደል በፊደል ስለሚሄድ ደግሞ ቶሎ ይደናገራል። እንግዲህ ዘፈን የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ ይሻላል።

እንዲህ ያለው ሙዚቃ በአገራችን ሞልቷል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በኋላ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በፈረንጆች 1985 በዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሞግ የሚባለውን ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ ማሽን ተጠቀመ። ሲንተሳይዘር ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፅ የሚፈጥር ባለ ቁልፍ መሣሪያ ነው። ድምፁ ሲንሳፈፍ ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል፤ ለተረትና ለልብ ወለድ ይስማማል። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶት በፈረንጆች 2013 እንደገና ታተመ። ዛሬ በስልክ ይደመጣል።

ታዲያ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። በዚያ ካሴት ውስጥ «ሸሞንሟናዬ» አለ። ዘፋኝ ባይኖርም ዜማውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዜማው ሲመጣ ቃሉ በጆሯችን ይመጣል! ያን ጊዜ መጽሐፉን ትተን ማንጎራጎር ነው። ስለዚህ ግጥሙን የማታውቁትን ዜማ ምረጡ። ዋልያሶች በፈረንጆች 1977 ያስቀረጹት «ሙዚቃዊ ስልት»ም ቃል የለውም፤ እኔ ግን ለንባብ አልመርጠውም፤ ትከሻ ያስነሳል።

ድምፁን ዝቅ አድርጉት። ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቀጥ የዋለ ጆሮ ሌላ መዶሻ አይፈልግም።

ለመጀመሪያ ልብ ወለድ «ጦቢያ»ን እንውሰድ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ከአባትዋ ጋር መንታ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። አማርኛው የድሮ ስለሆነ ይከብዳል፤ ሰው ያግዛችሁ። ጦቢያ በማታውቀው አገር ስትጓዝ ያ የሚንሳፈፍ ድምፅ ከኋላ ቢሰማ ደስ ይላል። ነገሩ ሲወሳሰብ ግን፣ ማን ማንን እንደተናገረ ሲጠፋችሁ፣ ሙዚቃውን አጥፉት። ያለ ኀፍረት አጥፉት።

እማማ፣ እርስዎም ዛሬ ማታ አንድ ገጽ በሙዚቃ፣ አንድ ገጽ ያለ ሙዚቃ ያንብቡ። ከዚያ መጽሐፉን አጥፈው ሁለቱንም ለልጅዎ ይተርኩላት። የትኛው ገጽ እንደተሟላ እሷ ትነግርዎታለች።