ከተማ ወደ እርሻ ሲጠጋ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ከተማ እየሰፋ ወደ እርሻ በሚጠጋበት ጊዜ፣ ይልቁንም ዝናብ በማይበቃበት በበረሃ አገር፣ የገበሬው ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። ምሳሌ የማደርገው በአሜሪካ አገር አሪዞና በተባለው ግዛት የሚገኘውን ሜዳ ነው። አገሩ ሩቅ መሆኑ አልጠፋኝም። ነገር ግን እዚያ የሆነው ነገር እየተለካና እየተጻፈ ስለ ኖረ፣ በድሬዳዋም ሆነ በሌላ ደረቅ አገር ከተማ አጠገብ ለሚያርስ ሰው የሚጠቅም ብዙ ቁም ነገር ይገኝበታል። ዓመቶቹን የምጠራቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የፊኒክስ ከተማ ያለበት ይህ ሜዳ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 200 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሐምሌ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እንዲህ ባለ ምድር ያለ መስኖ እህል አይታሰብም። ሆሆካም የተባሉ የጥንት ሰዎች ሞተር ሳይኖራቸው፣ በእጅ መቆፈሪያ ብቻ፣ በመቶ የሚቆጠር ኪሎሜትር ቦይ ቆፍረው የሶልት ወንዝን ውሃ ወደ ማሳቸው ይመሩ ነበር። እነርሱ ቦዮቹን ከተዉ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1860ዎቹ መጨረሻ የመጡት ሰፋሪዎች አሮጌዎቹን ቦዮች እየጠረጉ ውሃ ለቀቁባቸው። ወንዙ ግን አንድ ዓመት ሞልቶ ቦዩን ይዞ ይሄዳል፤ ሌላ ዓመት ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬዎቹ በ1903 ማኅበር አቁመው፣ መሬታቸውን መያዣ አድርገው ከመንግሥት ጋራ ተዋዋሉና የሩዝቬልት ግድብ ተሠራ፤ ሥራውም በ1911 ተፈጸመ። በዚህ ማኅበር ደንብ የግድቡ ውሃ ከመሬቱ ጋራ የታሰረ ነው። መሬቱ ሲሸጥ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከፊኒክስ በስተደቡብ ምሥራቅ ጊልበርት የምትባል መንደር ነበረች። አልፋልፋ እያጨደች ድርቆሹን በባቡር ጭና ስለምትልክ «የዓለም የድርቆሽ ዋና ከተማ» ይሏት ነበር። በ1970 የነዋሪዋ ቁጥር 2,000 አይሞላም። በ2000 ወደ 110,000 ደረሰ፤ በ2020 ቆጠራ ደግሞ 268,000 ያህል ሆነ። ከእርስዋ ቀጥላ ያለችው ክዊን ክሪክ ጥጥና ብርቱካን፣ ድንችና አትክልት የሚመረትባት ስትሆን፣ በ2000 የነበራት ሰው 4,300 ገደማ ብቻ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ግን 59,500 ያህል ሆነ። እዚያ የተወለደ ሕፃን አድጎ ጎልማሳ ሲሆን፣ አባቱ ጥጥ የለቀመበትን መሬት መንገድና ጣሪያ ለብሶ ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ የሆነው በጉልበት አይደለም። ገበሬው በገዛ እጁ ሸጠ። እኔም አልፈርድበትም። ዕድሜው የገፋ፣ ልጆቹ ወደ ከተማ ሥራ የሄዱበት፣ የጥጥ ዋጋ አንድ ዓመት ወጥቶ ሦስት ዓመት የሚወድቅበት ሰው፣ ቤት ሠሪው መጥቶ ዕድሜ ልኩን አርሶ የማያገኘውን ገንዘብ ቢዘረጋለት ምን ይበል? ይሁን እንጂ የአንዱ መሸጥ ለአንዱ ብቻ አይቀርም። የመጀመሪያው ሲሸጥ ሁለተኛው ብዙም አይሰማውም፤ አምስተኛው ሲሸጥ ግን የቀረው ገበሬ ዙሪያውን በግንብ ታጥሮ ያገኘዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው።

አዲሶቹ ጎረቤቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቤቱን የገዙት ሰማዩን ለማየት፣ ጸጥታውን ለመስማት ብለው ነው። ግን የላሞቹ በረት ይሸታቸዋል። ትራክተሩ አቧራ ያነሣባቸዋል። መድኃኒት የሚረጨው አውሮፕላን ገና ጎሕ ሲቀድ ያስነሣቸዋል። ገበሬው ደግሞ ማጨጃውን በመንገድ ላይ ሲነዳ፣ ለሥራ የሚጣደፈው ባለ መኪና ከኋላው ጥሩምባውን ይነፋበታል። የአሪዞና ሕግ በቦታው አስቀድሞ የነበረና በደንብ የሚሠራ እርሻ በጎረቤት ክስ በቀላሉ እንዳይዘጋ ይጠብቀዋል፤ የእርሻ መሬት ግብርም ከቤት መሬት ግብር ያነሰ ነው። ነገር ግን ሕግ የማይጠብቀው ነገር አለ። ጥጥ የሚዘራው ሰው ሲያንስ መዳመጫው ይዘጋል፤ ሞተር የሚጠግነው ሰው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ቦይ ለመጥረግ አብሮ የሚወጣ ጎረቤት ይጠፋል። ብቻውን የቀረ ገበሬ መሬት ቢኖረውም የእርሻ አገር የለውም።

ሙቀቱም ይጨምራል። ውሃ የጠጣ ማሳ ሌሊቱን ይቀዘቅዛል፤ አስፋልትና ሲሚንቶ ግን ቀን የጠጡትን ፀሐይ ሌሊት ይተፉታል። በ2023 በፊኒክስ 31 ቀን ያለማቋረጥ የቀኑ ሙቀት ከ43 ዲግሪ አልወረደም። ከመንደሩ ጋራ የተጠጋ የወተት ላም ይህን ሁሉ ይቀምሳል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሄክታር አልፋልፋና አንድ ሄክታር የሞላ መኖሪያ ቤት፣ ብዙ ውሃ የሚጠጣው ማንኛው ነው? ብዙ ሰው ቤቱ ነው ይላል። በዚያ በረሃ አልፋልፋ በዓመት ስምንት ጊዜ ያህል ይታጨዳል፤ ለአንድ ሄክታርም 18,000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል። ቤት ቢሠራበት አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ ቤት ሠሪዎቹ «እኛ ውሃ ቆጣቢዎች ነን» ብለው የሚናገሩት በሐሰት አይደለም።

ነገር ግን ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ድርቅ በመጣ ዓመት ገበሬው ግማሹን ማሳ ጦም ያሳድራል። ይጎዳል፣ ይበደራል፣ ነገር ግን ዓመቱን አልፎ እንደ ገና ይዘራል። ቤት ግን ጦም አያድርም። ሕፃናት ያሉበትን ቤት «ዘንድሮ ውሃ የለም፤ ለከርሞ ተመለሱ» ልትሉት አትችሉም። ስለዚህ በአንድ ሜዳ ላይ ቤት በበዛ ቁጥር፣ በክፉ ዓመት ሊታገሥ የሚችለው እርሻ እያነሰ፣ ሊታገሥ የማይችለው ጥማት እየበዛ ይሄዳል። እርሻም ወደ ቤት ይለወጣል እንጂ ቤት ወደ እርሻ ተመልሶ አይታይም። በ1980 የወጣው የአሪዞና የከርሰ ምድር ውሃ ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ከ1975 እስከ 1980 መስኖ ያልጠጣ መሬት ከዚያ በኋላ አዲስ መስኖ እንዳይከፈትበት ከልክሏል።

ያን ሕግ ያወጡት በደስታ አልነበረም። ገበሬዎችም ከተሞችም በሞተር እየሳቡ የምድሩን ውሃ አራቁተውት ነበር። ውሃው የወጣበት አፈር ይጨመቃል፤ ከተጨመቀም በኋላ እንደ ቀድሞው አይነሣም። ከፊኒክስ በስተምዕራብ በሉክ የአየር ኃይል ሰፈር አጠገብ እስከ 1992 ድረስ መሬቱ ከ5 ሜትር በላይ ወርዷል። መሬቱ እኩል ስለማይወርድ ይሰነጠቃል። በክዊን ክሪክ አካባቢ በ2007 ከዝናብ በኋላ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ተከፍቶ አንድ ፈረስ ገብቶበት ሞተ። መንግሥትም ቤት የሚገዛ ሰው አይቶ እንዲገዛ የስንጥቆቹን ካርታ ያስነሣል።

አሁን «በልባችሁ ያዙልኝ» ወዳልሁት ነገር ልመለስ። በአሮጌው ማኅበር ክልል ያለ መሬት ቤት ሲሠራበት የግድቡ ውሃ አብሮ ወደ ቤቱ ገባ። የክዊን ክሪክ አብዛኛው መሬት ግን ከዚያ ክልል ውጭ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ባደገች ቁጥር ሌላ ውሃ መፈለግ ነበረባት። በ2018 ከኮሎራዶ ወንዝ ዳር ሲቦላ ከምትባል ትንሽ የገጠር ቦታ የአንድ እርሻን የውሃ መብት ለመግዛት ተዋዋለች፤ መጠኑ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። ውሃው በ2023 በ300 ኪሎሜትር ገደማ ርቀት በቦይ መምጣት ጀመረ፤ በሲቦላ ያለውም ማሳ ጦም አደረ። የወንዝ ዳር አውራጃዎች «ነገ የሁላችንም ውሃ እንዲሁ ይወሰዳል» ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱም በ2024 በአካባቢው ላይ የሚደርሰው ጉዳት እንደ ገና ይጠና ብሎ ወሰነ። አያችሁ፤ ከተማ የሚውጠው በአጥሩ ሥር ያለውን እርሻ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገው በፒናል አውራጃ ገበሬዎች የደረሰውን ነው። የኮሎራዶን ውሃ ወደ መካከለኛው አሪዞና የሚያመጣው ትልቅ ቦይ በ1973 ተጀምሮ በ1993 አለቀ፤ ርዝመቱ 540 ኪሎሜትር ያህል ነው። ውሃው ለገበሬው ውድ ሆነበት፤ የመስኖ ማኅበሮቹም ዕዳ ውስጥ ገቡ። በ2004 በወጣው ስምምነት ገበሬዎቹ የረጅም ጊዜ መብታቸውን ለቀው፣ በምትኩ ዕዳቸው ቀለለላቸውና እስከ 2030 ድረስ ርካሽ ውሃ እንዲያገኙ ሆነ። ዋጋው ረከሰ፤ ተራቸው ግን ከሁሉ በስተኋላ ሆነ። ያን ጊዜ ወንዙ ሲጎድል ማን ቀድሞ እንደሚቆረጥ ተጽፎ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ቀኑ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ነሐሴ 2021 በወንዙ ላይ የውሃ እጥረት መኖሩ ታወጀ። በ2022 የፒናል ገበሬዎች ከቦዩ የሚያገኙትን ውሃ አብዛኛውን አጡ። ጉድጓድ ያለው ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ፤ የሌለው ማሳውን ተወ። ከተሞቹ በዚያ ዓመት አልተቆረጠባቸውም።

ቤት ገዢውም ቢሆን ሁልጊዜ አልዳነም። ሕጉ በፊኒክስ ዙሪያ ስድስት ቦታና ከዚያ በላይ ከፍሎ የሚሸጥ ሰው የ100 ዓመት ውሃ መኖሩን እንዲያሳይ ያዛል። አንዳንዱ ሻጭ መሬቱን በአምስት በአምስት እየከፈለ ከሕጉ ሾልኮ ይሸጥ ነበር። ሪዮ ቨርዲ ፉትሂልስ በተባለው መንደር ብዙዎቹ ቤቶች እንዲህ ተሠርተው ውሃ በቦቴ መኪና ያስመጡ ነበር። ጥር 1 ቀን 2023 ጎረቤት የሆነችው የስኮትስዴል ከተማ «ውሃው ለራሴ ነዋሪ ነው» ብላ መቅጃውን ዘጋችባቸው። ከ500 የሚበልጡ አባወራዎች ጭንቅ ላይ ወደቁ፤ ጊዜያዊ መፍትሔ እስኪገኝ ወራት ፈጀ። በዚያው ዓመት በሰኔ የግዛቱ መንግሥት በፊኒክስ ዙሪያ በጉድጓድ ውሃ ብቻ ተማምኖ አዲስ መንደር ለመሥራት የሚቀርብ ጥያቄ እንዳይፈቀድ አገደ። በ2025 ደግሞ ገበሬው የመስኖ መብቱን ሲተው ቤት ሠሪው ከዚያ በመጠን ያነሰ ውሃ እንዲያገኝ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ይህ ውሃውን ይቆጥባል፤ እርሻውን ግን ይጨርሳል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ። በእኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው እንደ አሪዞናው ሰው አይሸጥም። ከተማ ሲመጣበት መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ተለቆ ካሳ ይከፈለዋል። ይህም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ተደንግጓል። ካሳው የሚታሰበው በመሬቱ ላይ ባፈራው ንብረት ነው፤ በመነሣቱ የሚከፈለውም ካሳ አለ። ሰፊውን ነገር የወረዳችሁን መሬት አስተዳደር ጠይቁ። እኔ የምላችሁ ግን ሰው ሊለካ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ለኩ ነው። የጉድጓዳችሁ ጥልቀት ስንት ነው? ከላይ እስከ ውሃው ድረስ ገመዱ ስንት ክንድ ይወርዳል? አምና በዚሁ ወር ስንት ነበር? የብርቱካንና የማንጎ ዛፋችሁ ቁጥርና ዕድሜ የተጻፈበት ወረቀት አላችሁ? ቦያችሁ የሚያልፍበት መሬት በማን ደብተር ላይ ነው? እናንተ የልማት ሠራተኞችም፣ ለአንድ ቀበሌ አዲስ የውሃ መሥመር ሲታቀድ ስትሰሙ «በደረቅ ዓመት መጨረሻ የሚጠጣው ማን ነው?» ብላችሁ በስብሰባው ላይ ጠይቁ፤ መልሱንም በቃለ ጉባኤው አስጽፉ።

በቆላ ባሉ የመስኖ ማኅበሮች ውስጥ ስዘዋወር ብዙ ጊዜ የማገኘው፣ የጉድጓዱን ውሃ ልክ የሚያውቀው ሞተር አስነሺው ብቻ መሆኑን ነው። እርሱ ቢታመም የሚያውቅ የለም። አንድ ገመድ፣ ጫፉ ላይ የሚታሰር ድንጋይና አንድ የተማሪ ደብተር ይበቃል። በወር አንድ ቀን፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሁለት ሰዎች ሆነው ይለኩ፤ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ። ደብተሩም በማኅበሩ ሣጥን ይቀመጥ።