በሰው ቤት የኖረው በዛብህ
(በሲን ኤል ፊል፣ በእሁድ ስብሰባችን ላይ ለእህቶች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ስለ ማዳምና ስለ ኮንትራት አናወራም፤ እሱን ሳምንቱን ሙሉ ኖራችሁበታል። ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ላጫውታችሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያላነበባችሁም ሰምታችሁታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ሲደገም እናቴ ቡናውን ትታ ታዳምጥ ነበር። እኔ ያነበብኩት ግን እዚህ ቤይሩት ነው። አንዲት እህት ወደ አገሯ ስትገባ ሽፋኑ የተቀደደውን መጽሐፍ ትታልኝ ሄደች። ማታ ሳህን ካጠብኩ በኋላ፣ ኩሽና ተቀምጬ።

በዛብህ ያኔ ሌላ ሰው ሆነብኝ። የድሃ ልጅ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገባ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ግን እኩል አይቆጠርም። ሰው ለፍቅራቸው ያለቅሳል፤ እኔ ያለቀስኩት ለዚያ ለ«እኩል አይደለህም» ነው።

ጸሐፊው ራሳቸው ጎጃም በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። ጣሊያንን ሲዋጉ ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱና ሰባት ዓመት ያህል እስረኛ ሆኑ። ሰባት ዓመት! እኛ ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ስንል እንቆጥራለን። በኋላ ዲፕሎማት ሆነው ለንደን ድረስ አምባሳደር ነበሩ። መጽሐፉ በ1958 ሲታተም ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። «ወንጀለኛው ዳኛ» እና «የእልም እዣት» ከዚያም በኋላ መጡ። ያረፉት በ1996 ነው። የሚገርመኝ፣ ያን ሁሉ አገር አይተው የጻፉት ስለ ማንኩሳና ስለ ዲማ መሆኑ ነው።

እኔም ያኔ ደብተር ያዝኩ። መጀመሪያ የተከፈለኝንና ያልተከፈለኝን ብቻ። ቀስ በቀስ ሌላም ገባበት፤ ማዳም ስሜን ቀይራ የምትጠራኝን፣ የእናቴን የቡና ቤት ወሬ። የአምስት ወር ደሞዝ ስጠይቅ «የሁለት ወር ነው» አለችኝ። ደብተሩን በቀን በቀን አነበብኩላት። የአራቱን ወር አገኘሁ፤ አንዱ ቀረ፣ እስካሁንም ያናድደኛል።

ባለፈው አንዲት ልጅ «እኔ ቤት ጠራጊ ነኝ፣ ምን የሚጻፍ አለኝ?» አለችኝ። ይህን እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። ከቤታችሁ ፊት ለፊት ያለው ተራራ ስሙ ማን ነው አልኳት። አንድ ሰዓት አወራች፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ደብተርና እስክሪብቶ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ውሰዱ። ዕቃችሁን የምትፈትሽ ማዳም ያለቻችሁ ለብቻ ንገሩኝ። ደብተራችሁን እዚህ አስቀምጥላችኋለሁ፤ እሁድ እሁድ ትጽፉበታላችሁ።