ብርሃን ሳያዩ ስለ ቀሩ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች
(በሉማሜ ከተማ የተነገረ ዲስኩር)



ሰው ሠርቶ፣ ፈጽሞ፣ ለሕዝብ ያቀረበውን ነገር መጠበቅ የቤተ መጻሕፍትና የቤተ መዛግብት ግብር መሆኑን ሁላችን የምናምንበት ስለ ሆነ ሐተታ አያሻውም፤ ነገር ግን ተጀምሮ የተቋረጠውን፣ ወይም ተፈጽሞ ሳለ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በገንዘብ እጦት፣ አለዚያም በዘመን መለወጥ ምክንያት ከሕዝብ ዓይን የተሰወረውን ሥራ ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ በመካከላችን በሚገባ ሳይመረመር የቆየ በመሆኑ፣ ዛሬ ስለዚሁ፣ ይልቁንም ከሥራ ሁሉ ፈጥኖ ስለሚጠፋው ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ወጣቶቻችን «ጌም» ስለሚሉት፣ ለመናገር በፊታችሁ ቆሜአለሁ። የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ ዘመኑን በአውሮፓውያን፣ የሀገራችንን ስጠቅስ በራሳችን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጨዋታ ቀላል ነገር ነውና ታሪኩም እንዲሁ ቀላል ነው የሚል አሳብ በአንዳንዶቻችሁ ኅሊና ሊመላለስ ይችላል። ሆኖም የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥዕል፣ ዜማ፣ ሒሳብና ድርሰት በአንድነት የሚገናኙበት ሥራ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች ይህን ሁሉ ዛሬ ለአንድ ፎቶግራፍ እንኳ በማይበቃ ጠባብ ስፍራ ማኖር ነበረባቸው፤ በ1982 ወጥቶ በእንግሊዝ አገር በየቤቱ የገባው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለው ኮምፒዩተር አነስተኛው ዐይነት 16፣ ትልቁ 48 ኪሎባይት ብቻ የማስታወሻ ስፍራ ነበረውና። በእንዲህ ያለ ጥበት ውስጥ የተደከመ ድካም፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ የሰውን ብልኀት መስካሪ ነው።

ለዚሁ ኮምፒዩተር ጨዋታ በመሥራት ስሙ የገነነ ኢማጂን ሶፍትዌር የሚባል የሊቨርፑል ድርጅት ነበር። ይህ ድርጅት በ1984 «ባንደርስናች» ብሎ የሰየመውን ታላቅ ጨዋታ ሊያወጣ መሆኑን በመጽሔቶች ላይ በሰፊው አሳውጆ፣ የኮምፒዩተሩ ማስታወሻ አልበቃ ቢለው ከጨዋታው ጋር አብሮ የሚሸጥ ተሰኪ መሣሪያ አስቦ፣ ዋጋውንም ወደ 40 ፓውንድ ለማድረስ ወጥኖ ሳለ፣ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖበት በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ፈረሰ። የቢቢሲ ቴሌቪዥን ሰዎች የድርጅቱን ብልጽግና ለማሳየት ካሜራቸውን ይዘው ገብተው ስለ ነበር፣ ያሰቡትን ትተው የውድቀቱን ሰዓት ቀርጸው ወጡ። ከጨዋታው አሳብ አንዳንዱ በኋላ «ብራታካስ» በሚባል ሌላ ጨዋታ ውስጥ ገብቶ ታይቷል፤ ባንደርስናች ራሱ ግን በስሙ ለሽያጭ አልቀረበም። እኔ እንደማምነው፣ የዚያ ዘመን ሠሪዎች ምኞታቸው ከመሣሪያቸው ምን ያህል እንደ ቀደመ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው፣ በገበያ ከተሸጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ከዚህ ካልተሸጠው ይማራል።

ሌላም አለ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ስታር ፎክስ 2» የተባለውን ጨዋታ በ1995 ገደማ ወደ ፍጻሜው አድርሶት ሳለ፣ ጨዋታው ከተሠራበት መሣሪያ የበለጠ ኃይል ያላቸው አዳዲስ መጫወቻዎች ስለ መጡና ስለሚመጡ፣ ያረጀ መስሎ እንዳይታይ በማለት ሳያወጣው ቀረ፤ ያም ሥራ በይፋ ለሕዝብ የደረሰው ከ22 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። ደግሞም በ1989 በጃፓን የወጣው «ማዘር» የተባለ ጨዋታ ለአሜሪካ ገበያ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከተዘጋጀ በኋላ ሳይታተም ቀርቶ፣ ለናሙና ከተሠሩት ቅጂዎች አንዱ በሰብሳቢዎች እጅ ስለ ተገኘ በ1998 ይዘቱ ተገልብጦ ከጥፋት ሲድን፣ ባለቤቱ ድርጅት ግን በይፋ ያወጣው በ2015 ነው። ከዚህ እንደምናየው ባለቤቱ ቸል ባለው ዘመን ሥራውን ያቆየው የተራ አፍቃሪዎች ትጋት ነበር፤ ፍራንክ ጋስኪንግ የተባለው እንግሊዛዊም እንዲህ ያሉትን ያልወጡ ጨዋታዎች ዜና ከሠሪዎቹ አንደበት ጭምር ለዓመታት ሲያሰባስብ ኖሮ በ2020 በዳጎሰ መጽሐፍ አሳትሞታል።

ስለ መጥፋቱ መንገድም ጥቂት ልናገር፤ ነገሩን በዓይነ ኅሊና ሳያዩት ሥጋቱ አይገባምና። ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት ለምርመራ የሚዘጋጀው ናሙና ብዙ ጊዜ ይጻፍ የነበረው ኢፒሮም በሚባል ቺፕ ላይ ነው። በቺፑ ራስ ላይ ከትንሽ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ፣ ከኳርትዝ የተሠራች መስኮት አለች፤ በሷ ውስጥ አጮልቆ ላየ ሰው የሲልከኑ ገጽና ከጫፍ ከጫፉ የሚነሡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች ይታዩታል። መስኮቷ የተከፈተችበት ምክንያት በቺፑ ላይ የተጻፈውን በአልትራቫዮሌት ጨረር ደምስሶ እንደ ገና ለመጻፍ ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ ብርሃን እንዳይገባባት ወረቀት ይለጥፉባትና በዚያችው ወረቀት ላይ የጨዋታውን ስም፣ አንዳንድ ጊዜም ቀኑን፣ በእስክሪብቶ ይጽፉባታል። ወረቀቷ ተላቃ ብትወድቅ የጨዋታው ስምም ጋሻውም በአንድ ጊዜ ጠፉ ማለት ነው። ባትወድቅም እንኳ፣ ጽሑፉን የያዘው የኤሌክትሪክ ሙል በዓመታት ብዛት በጥቂት በጥቂቱ እየሸሸ፣ አንድ ቀን ቺፑ ከመሣሪያው ላይ ሲሰካ የማይነበብ ሆኖ ይገኛል። በመግነጢስ የሚጻፈው ዲስኬትም ዕድሜው ከዚህ የተሻለ አይደለም። የአባ ገሪማ ወንጌላት በብራና ላይ ተጽፈው ከ1,300 ዓመት በላይ ሲነበቡ፣ በእኛ ዕድሜ የተጻፈው ዲስኬት ጸሐፊው ሳያረጅ ዝም ይላል።

«ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የተባለውን ዝነኛ ጨዋታ በ1989 ያወጣው ጆርዳን ሜክነር የድርሰቱን መሠረት፣ ማለት ፕሮግራመሮች ሶርስ ኮድ የሚሉትን፣ ጠፍቶበት ሲፈልገው ኖሮ፣ በ2012 አባቱ ከቤታቸው ቁም ሣጥን ውስጥ በካርቶን የተቀመጡ ዲስኬቶች አግኝተው ላኩለት፤ ዲስኬቶቹም ጥንታዊ መሣሪያዎችን በሚያውቁ ሰዎች እርዳታ ተነብበው ኮዱ ለሁሉ ተገለጠ። በመላው ዓለም የተሸጠ ሥራ እንኳ መሠረቱ በአንድ አባት ቁም ሣጥን ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ ያልተሸጠውማ እንዴት ይሆን? በ2023 በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት በዚያች አገር ከወጡት የጥንት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ የማይገኙ መሆናቸውን አስረድቷል፤ ይህም የወጡት ብቻ ተቆጥረው ነው።

ያልተፈጸመውንና ያልታተመውን መጠበቅ ግን ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው፣ አስፍተውና አርመው፣ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና ማተሚያ ቤት አልገባም ነበር፤ አደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ሦስት ሊቃውንት፣ አንዱ የሌላውን ያልተፈጸመ ድካም እንደ ቅርስ እየተቀበሉ፣ ዛሬ ግእዝ የሚማር ሁሉ የሚገልጠውን መጽሐፍ አቆዩልን። የዚሁ የጎጃም አገራችን ሊቅና ሠዓሊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራም የጻፉት የጎጃም ታሪክ በሕይወታቸው ሳይታተም ቀርቶ በእጅ ጽሑፍ ቅጂ እየተላለፈ ቆይቶ ነው ለኅትመት የበቃው። «አልታተመምና ይጣል» ያለ ሰው በመካከል ቢገባ ኖሮ ስለ ራሳችን አገር የምናውቀው ምን ያህል በጎደለ!

የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ ትምህርት የቀሰመ ሰው በዚህ ላይ ሊቃወመኝ እንደሚችል አስባለሁ፤ ባለቅኔው በማኅሌት የተቀኘውን ቅኔ ሁለተኛ አይደግመውም፣ አዲስ ይዘርፋል እንጂ፣ ስለዚህ ኃላፊውን እንዲያልፍ መተው የአባቶቻችን ልማድ ነው ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ቅኔው ቢያልፍ የቅኔው መንገድ፣ ጉባኤ ቃናውና ዘአምላኪየው፣ ሰሙና ወርቁ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ ሳይቋረጥ ተላልፏል፤ በየጊዜውም መልካም መልካሙን ቅኔ በቃላቸው ይዘውና ጽፈው ያቆዩ ሊቃውንት አልጠፉም። የኮምፒዩተር ጨዋታ ግን ኮዱ ሲጠፋ መንገዱም አብሮ ይጠፋል፤ ጉባኤ የለውምና።

መንገድ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በመኳንንቱ ቤት ይዘወተር የነበረው የሀገራችን ሰንጠረዥ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ተጫወቱት ተብሎ የሚነገርለት፣ ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ የሚለይበት ድንቅ ሥርዓት ነበረው፤ ይኸውም በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ ሁለቱም እንደ ፈቀዱ በፍጥነት ጭፍሮቻቸውን ያሰልፋሉ፣ ይህም ወረራ ይባላል፣ የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ብቻ ተራ ይጀመራል። የማሸነፉም ክብር ንጉሡ በየትኛው ጭፍራ እንደ ተያዘ እየታየ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ይህን ጨዋታ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ፕላውደን ዐይተው ስለ ጻፉት፣ መጽሐፋቸውም ከሞቱ በኋላ በ1868 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ታተመ፣ ኋላም ሪቻርድ ፓንክረስት አጥንተው ስላሳተሙት ሥርዓቱን እናውቃለን፤ ከፋሺስት ወረራ በኋላ ግን ጨዋታው ከአዳራሹ ጠፋ። ፓንክረስት ስለ ገበጣም እንዲሁ አድርገዋል፤ በ1971 በአውሮፓ አቆጣጠር በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ በሀገራችንና በአካባቢያችን ያሉትን እጅግ ብዙ የገበጣ ዐይነቶች ከነሕጋቸው መዝግበው አቆይተውልናል።

በኮምፒዩተርም በኩል የራሳችን ጥፋት ከወዲሁ ጀምሯል። ፊደላችን በ1999 በአውሮፓ አቆጣጠር ወደ ዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ከመግባቱ በፊት ሊቃውንተ ኮምፒዩተር ኢትዮጵያውያን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዘዴ ግእዝን በማሽን አስጽፈውት ነበር፤ የኢንጅነር ፍስሐ አጥላው ዳሸን፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የእነዚያ ድካም ስሞች ናቸው። እያንዳንዱ ፊደሉን በተለየ ቁጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜ ደብዳቤና ድርሰት ዛሬ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል፤ ፎንቱን ያላቆየ መሥሪያ ቤት መዝገቡ በእጁ እያለ ማንበብ አይችልም።

ዛሬ የሀገራችን ልጆች ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል፤ በአዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ዶሮ ከባለቤቷ የምታመልጥበትን «ኩኩሉ»ን፣ ገበጣንም በስልክ የሚጫወቱትን አድርጎ አውጥቷል። አንድ ጨዋታ በወጣ ቁጥር ተጀምረው የተተዉ ሥዕሎች፣ ያልተሳኩ ደረጃዎች፣ በላፕቶፕ መሰረቅ ወይም በሀርድ ዲስክ መቃጠል የጠፉ ኮዶች ከኋላው መኖራቸው የታወቀ ነው። የታተመ መጽሐፍ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ወመዘክር፣ እንዲገባ የቆየ ሥርዓት አለን፤ የቅጂ መብቱ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከድርሰት ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ያልወጣ ጨዋታ ግን መግቢያ በር የለውም፤ ይህን በር መክፈት የወመዘክር፣ የዩኒቨርሲቲዎቻችንና የሠሪዎቹ የጋራ ግዴታ ነው ብዬ አጥብቄ እናገራለሁ።

ለጅማሬው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሯቸው ፕሮግራሞችና ጨዋታዎች፣ ያልተፈጸሙት ሳይቀሩ፣ ኮዱ፣ ሥዕሉና ድምፁ በሁለት በተለያየ ስፍራ በሚቀመጥ ዲስክ ተገልብጦ፣ በየጥቂት ዓመቱም ወደ አዲስ ዲስክ እየተዛወረ ቢጠበቅ፣ ከሱም ጋር የሠሪው ሙሉ ስም፣ የተጀመረበትና የተቋረጠበት ቀን፣ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋና የሚሠራበት መሣሪያ፣ የተቋረጠበትም ምክንያት በአማርኛ በወረቀት ታትሞ አብሮ ቢቀመጥ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ በቂ ነው። ምክንያቱን መጻፍ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ፤ ኮዱን ኋላ የሚያነብብ ብልኅ ሰው ሊገኝ ይችላል፣ ሠሪው ለምን እንዳቆመ ግን ከሠሪው በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናንተ ለሉማሜ ተማሪዎች ደግሞ የምሰጠው ሥራ ከዚህ የቀደመ ነው፤ በየቀበሌአችሁ ያሉ ሽማግሌዎች ገበጣን በስንት ጉድጓድና በስንት ጠጠር እንደሚጫወቱ፣ ምርኮው እንዴት እንደሚወሰድ፣ ጨዋታውም መቼ እንደሚያልቅ ጠይቃችሁ በደብተር ጻፉ፤ የነገሯችሁን ሰዎች ስምና የቀበሌውንም ስም በየገጹ ራስ ላይ አስፍሩ፤ ደብተሮቹም ሲሞሉ አንደኛው ቅጂ በትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ።