ከማዕዘን ነጥብ ወደ ጎን ርዝመት፦ በወልቂጤና በቡታጅራ መሬት ላይ

በኮኦርዲኔት ጠለል ላይ ያለ ቅርጽ የጎኑ ርዝመት የሚገኘው ጎኑ ከሚጀምርበትና ከሚያልቅበት ሁለት የማዕዘን ነጥቦች ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንደኛው በአግድም ዘንግ፣ ሁለተኛው በቋሚ ዘንግ የሚነበብ። እነዚህ አራት ቁጥሮች በእጅ ካሉ ሜትር መዘርጋትም ሆነ ገመድ መወጠር ሳያስፈልግ ርዝመቱ ይታወቃል። ችካል ይነቀላል፣ የድንበር ዛፍ ይቆረጣል፣ አጥር ይገፋል፤ በሰነድ የሰፈሩት ቁጥሮች ግን ካሉበት አይነቃነቁም። የስሌቱ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ቀላሉ ጎን ከሁለቱ ዘንጎች በአንዱ ትይዩ የሚሄደው ነው። የጉራጌ መንደር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በመንደሩ መሐል ጀፎሮ የሚባለው ሰፊና ሣራማ መንገድ ይዘረጋል፤ ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አድርገው ይሰለፋሉ፤ እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው። አግድም ዘንግ በጀፎሮው ጠርዝ ላይ ቢያርፍ፣ የአንድ ግቢ የፊት ማዕዘኖች ለምሳሌ (10፣ 0) እና (50፣ 0) ይሆናሉ። ሁለተኛው ቁጥር በሁለቱም ነጥቦች ተመሳሳይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ማቀናነስ ይበቃል፤ የግቢው ፊት 40 ሜትር ነው። ከ50 ላይ 10 ቢቀነስም ከ10 ላይ 50 ቢቀነስም ለውጥ የለውም፤ ርዝመት አሉታዊ ስለማይሆን የመቀነስ ምልክቱ ይጣላል። ዘንግን በራስ ምርጫ ማስቀመጥ ሲቻል እንዲህ ከቅርጹ ጎን ጋር ማስተካከሉ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የከተማ ይዞታ ግን ይህን ዕድል አያገኝም። ዘንጎቹ በአገር ደረጃ አንድ ጊዜ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ተተክለዋል፤ መንገዱም ግቢውም እነርሱን ተከትሎ አልተሠራም። ስለዚህ አብዛኛው ጎን ሰያፍ ነው። ሰያፍ ጎን ሲያጋጥም ከአንዱ ጫፍ አግድም፣ ከሌላው ጫፍ ቋሚ መስመር ይሰመራል፤ ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ ቀጤ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት ይፈጠራል፣ የሚፈለገውም ጎን ከቀጤው ማዕዘን ፊት ለፊት የሚያርፈው ረጅሙ ጎን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሥራው የፓይታጎረስ ነው፤ አግድም ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፣ ቋሚ ልዩነቱም በራሱ ይባዛል፣ ይደመራሉ፣ የድምሩ ዳግም ዘር ይወሰዳል። ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ሲባጎ ወጥረው ማዕዘን የሚያስተካክሉት በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉን ባቢሎናውያን ከፓይታጎረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ይሠሩበት ነበር፤ ነጥብን በቁጥር፣ ቅርጽን በስሌት የመግለጽ መንገድ ግን ሥር የያዘው ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 እ.ኤ.አ. የጂኦሜትሪ ድርሳኑን ካሳተመ በኋላ ነው።

በቡታጅራ አለ የሚባል አንድ ቦታ ለምሳሌ ይወሰድ። የኮኦርዲኔቶቹ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ብቻ ሲጻፉ፣ በሜትር፣ ማዕዘን ሀ (112፣ 340)፣ ለ (132፣ 355)፣ ሐ (123፣ 367)፣ መ (103፣ 352) ናቸው። ከሀ እስከ ለ አግድም ልዩነቱ 20፣ ቋሚው 15 ነው፤ 400 እና 225 ሲደመሩ 625፣ የዚህ ዳግም ዘር 25 ሜትር። ከለ እስከ ሐ ልዩነቶቹ 9 እና 12 ናቸው፤ 81 እና 144 ሲደመሩ 225፣ ጎኑ 15 ሜትር። ከሐ እስከ መ እንደገና 25፣ ከመ እስከ ሀ 15 ይወጣል። የግቢው ዙሪያ 80 ሜትር ነው፤ ለአጥር ቆርቆሮ የሚያስፈልገው ቁጥር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት አለ። 20ን እና 15ን ዝም ብሎ ደምሮ 35 ማለት በአንድ ጎን ብቻ 10 ሜትር ትርፍ ያመጣል። 35 ሜትር መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው የሚረግጠው ርቀት እንጂ የድንበሩ ርዝመት አይደለም።

ተቃራኒ ጎኖች እኩል መሆናቸው ብቻ ቦታው ማዕዘኑን የጠበቀ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተጣመመ ቅርጽም ጎኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሊተካከሉ ይችላሉ። ማረጋገጫው ከማዕዘን ወደ ትይዩው ማዕዘን የሚሰመሩት ሁለቱ ሰያፎች ናቸው። ከሀ እስከ ሐ ልዩነቶቹ 11 እና 27 ሲሆኑ የካሬዎቻቸው ድምር 850 ነው፤ ከለ እስከ መ 29 እና 3 ሲሆኑ ድምሩ እንደገና 850። ሁለቱ ሰያፎች እኩል 29.15 ሜትር ያህል ስለሆኑ አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ናቸው። ስፋቱም ያለጥርጥር 25 በ15፣ ማለትም 375 ካሬ ሜትር ነው። ሰያፎቹን ሳይፈትሹ ጎንን በጎን አባዝቶ ካሬ መናገር ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ ነው።

ስሌቱ ለግቢ የሚሠራውን ያህል ለከተሞች ርቀትም ይሠራል። ኢትዮጵያ ለካርታዋ የምትጠቀምበት ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት ምድርን በየስድስት ዲግሪው ይከፍላል፤ ወልቂጤም ቡታጅራም ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ በሚዘልቀው 37ኛው ዞን ውስጥ ናቸው። የሰሜን ቁጥሩ ከምድር ወገብ ይቆጠራል፤ የምሥራቅ ቁጥሩ ደግሞ 39ኛው ዲግሪ 500 ኪሎ ሜትር ተብሎ ከዚያ ይነሣል። በዚህ አቆጣጠር ወልቂጤ በኪሎ ሜትር (366፣ 916) አካባቢ፣ ቡታጅራ (430፣ 897)፣ የአዲስ አበባ መሐል (473፣ 998) ላይ ይውላሉ። ሦስቱ ሲያያዙ ጎነ ሦስት ይሠራሉ። በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል ልዩነቶቹ 64 እና 19 ስለሆኑ ጎኑ 67 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከቡታጅራ አዲስ አበባ 110፣ ከወልቂጤ አዲስ አበባ 135 ይሆናል። በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ የሚጓዝ መኪና ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መቁጠሩ ስሌቱን አያፈርሰውም፤ ስሌቱ የሚሰጠው የቀጥታውን መስመር ነው፣ መንገድ ግን ተራራና ወንዝ እያየ ይዞራል።

ከፍታም ግምት ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ኮኦርዲኔት የሚሰጠው የአግድም ርቀትን ነው፤ በተዳፋት ላይ የተዘረጋ ሜትር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። 15 ሜትር የተባለው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ቢወርድ ሜትሩ 15.13 ያነባል። ባለይዞታው 13 ሳንቲ ሜትር ተረፈኝ፣ ጎረቤቱም ተወሰደብኝ ቢል ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ በካርታ ላይ የሚሰፍረው አግድሙ ነው። በረጅም ርቀት ውጤቱ ከጎኑ ርዝመት አንጻር እንዲያውም አነስተኛ ነው፦ ቡታጅራ ከወልቂጤ በ200 ሜትር ገደማ ብትበልጥም በ67 ኪሎ ሜትሩ ጎን ላይ የሚጨምረው 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሥርዓት መቀላቀል ነው። የአገሪቱ ነባር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ የሳተላይት መለኪያና የእጅ ስልክ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ይሠራሉ። ያው አንድ ችካል በሁለቱ ሲነበብ ቁጥሮቹ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። አራቱም ማዕዘኖች በአንዱ ሥርዓት ከተነበቡ ጉዳት የለም፤ ሁሉም ነጥቦች በአንድ አቅጣጫ በእኩል መጠን ስለሚሸሹ ልዩነታቸው፣ ከዚያም ጎናቸው፣ ሳይለወጥ ይቀራል። ሦስቱ በአዲንዳን፣ አንዱ በስልክ ከተነበበ ግን የ25 ሜትሩ ጎን መቶዎች ሜትር ሊሆን ይችላል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ይዞታን በካርታ ወስኖ መመዝገብን ሥርዓት ካደረገ ወዲህ ይህ ጥንቃቄ የቀያሽ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ባለይዞታ ካርታውን ሲረከብ አስቀድሞ ቁጥሮቹ በየትኛው መነሻ እንደተጻፉ ይጠይቅ፤ ቀጥሎም አራቱን ጎኖችና ሁለቱን ሰያፎች በገዛ እጁ ያስላ።