ስለ ውሻ ንክሻና ከንክሻ ስለሚመጣው በሽታ መከላከያ

(ለከተማ ነዋሪዎችና ለአካባቢ አስተዳደር ሹማምንት የተዘጋጀ ንግግር)



ውሻ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ባልንጀራ፣ የቤት ዘበኛና የእረኛ ረዳት ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይኸው ታማኝ እንስሳ በበሽታ የተለከፈ እንደ ሆነ በአንዲት ንክሻ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ከሟቾቹም የሚበዙት በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው። ይህ በሽታ ከያዛቸው ሰዎች ከመቶ 99 የሚሆኑት የሚያዙት ከውሻ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ይህ ሁሉ ሰው የሚሞተው መከላከያው ከታወቀ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በእብድ ውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ 13 ጊዜ በመርፌ ወግቶ ከሞት ያዳነው በ1885 ነበር። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት የጎረቤታችን የሱዳን ዋና ከተማ ካርቱም ትበቃለች። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ከመኻል ከተማው በስተ ደቡብ የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በዚሁና በአጎራባቾቹ ሰፈሮች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሰዎች በቤት ሠራተኝነት፣ በዘበኝነት፣ በምግብ ቤትና በሻይ ሽያጭ ሥራ ሲተዳደሩ ኖረዋል። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን ዘግቶ ሸሸ፤ የግቢ ጠባቂ የነበሩት ውሾችም ያለ ባለቤት ቀሩ። ቆሻሻ የሚጠርግ፣ በየጎዳናው የወደቀውንም ሬሳ የሚቀብር በመጥፋቱ ውሾቹ በዚያ እየተመገቡ መንጋ ሆነው ይዞሩ ጀመር። በዚያው ወር ተዋጊዎች የአገሪቱን ማእከላዊ የጤና ላቦራቶሪ ይዘው ሠራተኞቹን እንዳስወጡ የዓለም የጤና ድርጅት አስታወቀ። ከሆስፒታሎቹም የሚበዙት ሥራቸውን አቆሙ። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ነዋሪዎች ወደ የቤታቸው መመለስ ጀመሩ። እንዲህ ባለው ከተማ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሊጠነቀቃቸው ከሚገቡት አደጋዎች አንዱ ባለቤት የሌለው ውሻ ነው።

ይሁን እንጂ አደጋው የጎዳና ውሻ ብቻ አይደለም። በሰው ቤት የምታገለግል ሴት የጌታዋ ውሻ በነከሳት ጊዜ፣ «የቤት ውሻ ነው፤ ምንም አያደርግም» ስትባል ዝም ልትል ትችላለች። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውም ሰው ወደ ሆስፒታል ቢሄድ የሚያዝ እየመሰለው ይደበቃል። እንዲህ ያለው ዝምታ ከንክሻው ይልቅ የሚያስፈራ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ በሽታ ዘንድ ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ጊዜ ነው።

የበሽታው አካሄድ እንዲህ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ተሐዋስ፣ ቫይረስ የሚባለው፣ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በንክሻው ቁስል ገብቶ የነርቭን መንገድ ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። ይህ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ አንድ ዓመት ይዘገያል። ንክሻው ወደ ራስ የቀረበ እንደ ሆነ ጉዞው ያጥራል። አንጎል ከደረሰ በኋላ ሕመምተኛው ትኩሳት ይይዘዋል፤ የተነከሰበት ቦታ ይነዝረዋል፤ ውሃ ሲያይ ጉሮሮው ይታነቃል፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ በሐኪም እጅ ያለው ሥቃዩን ማቅለል ብቻ ነው፤ የሚድን ሰው ከቶ የለም ለማለት ያስደፍራል። ስለዚህ ማንም ሰው «ምልክቱን እስካይ ልቆይ» ብሎ መጠበቅ አይገባውም።

የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ማድረግ የሚገባው በየቤቱ በሚገኝ ነገር የሚፈጸም ነው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት፣ ማለት 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃ ባይኖር ከጀሪካን ወይም ከማሰሮ እያንቆረቆሩ ማጠብ ይቻላል። ሳሙና የቫይረሱን ልባስ ያፈርሰዋል፤ ውሃውም ያጥበዋል። ከታጠበ በኋላ አዮዲን ወይም አልኮል ቢቀባ መልካም ነው። በቁስሉ ላይ ቡና፣ አመድ፣ በርበሬ ወይም ቅቤ ማድረግ፣ በጋለ ብረት መተኰስ፣ አጥብቆም ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ሳይዘገዩ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በካርቱም የሚኖር ሰው ለሐኪሙ «ዳእ አል ከለብ» ቢለው የእብድ ውሻን በሽታ ማለቱ እንደ ሆነ ይገባዋል፤ «ከልብ» በግዕዝም በዐረብኛም ውሻ ማለት ነውና። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ይወስናል። ውሻው ጤነኛ ቆዳን ብቻ የላሰ እንደ ሆነ መርፌ አያስፈልግም። ደም ሳይወጣ የጫረ ወይም ቆዳን ብቻ የቆነጠረ እንደ ሆነ ክትባት ይሰጣል። ደም የወጣ እንደ ሆነ፣ ወይም ምራቁ የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንን ወይም አፍን የነካ እንደ ሆነ ከክትባቱ ጋራ ኢሙኖግሎቡሊን የተባለው ሰረም በቁስሉ ውስጥና በዙሪያው ይወጋል። ክትባቱ ሰውነት የራሱን መከላከያ እስኪሠራ ድረስ ቀናት ይፈጃል፤ ሰረሙ ግን ወዲያው ቫይረሱን ይቃወማል። እንዲህ ያለው ቁስል በችኰላ አይሰፋም፤ መስፋቱ ግድ ቢሆን እንኳ ከሰረሙ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ከሐኪም ቤት የሚሸሸው የጥንቱን መርፌ እያሰበ ነው። በኢትዮጵያ በ1950ዎቹ የፓስተር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሆኖ፣ ሆድ ላይ በየቀኑ ከ14 ጊዜ ያላነሰ የሚወጋ ነበር። የአሁኑ ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ በጡንቻ ሲወጋ 4 ጊዜ ይበቃል፤ ይኸውም በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያም በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና ከ14ኛው እስከ 28ኛው ባለው ቀን ነው። እርጉዝ ሴትም ሕፃንም ሊከተቡ ይገባል። በመንገድ ወይም በስደት ምክንያት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ካርዱን ይዞ በሚደርስበት ሐኪም ቤት ካቆመበት ይቀጥላል፤ እንደ ገና አይጀምርም። ከካርቱም ሸሽተው በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለገቡት ሰዎች ይህ ምክር እጅግ የሚያስፈልግ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ባይኖርም የውሻ ጥርስ ቁስልን የሚያመግሉ ብዙ ተሐዋስያን አሉበት። ከሁሉ የሚያሠጋው በእጅ፣ በፊትና በመገጣጠሚያ ላይ ያለ ንክሻ፣ ጥልቅና ጠባብ ቀዳዳም ነው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢነሣ ወደ ሐኪም መመለስ ይገባል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውማ ይህን ሳይጠብቅ ሊታይ ይገባዋል። ሐኪሙ እንደ ነገሩ የተሐዋስያን መግደያ መድኃኒትና መንጋጋ ቆልፍ የተባለውን በሽታ የሚከላከል መርፌ ያዛል።

ስለ ውሻውም መታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ባለቤት ያለውና ሊያዝ የሚችል ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። ከነዚህ ቀኖች በኋላ ጤነኛ የሆነ እንደ ሆነ በንክሻው ጊዜ በሽታውን አላስተላለፈምና ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን ክትባቱ የሚጀመረው ውሻው በሚጠበቅበት ጊዜ ነው እንጂ ከዚያ በኋላ አይደለም። ውሻው ቢሞት የከብት ሐኪም ተጠርቶ ጭንቅላቱ ይመረመራል። ውሻው ከጠፋ ወይም የጎዳና ውሻ ከሆነ ክትባቱ ሁሉ እስከ መጨረሻው ይፈጸማል።

አባቶች ይህን በሽታ ሳያውቁት የኖሩ አይደሉም። በኦገስት 1903 በአዲስ አበባ ትልቅ ወረርሽኝ ተነሥቶ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። በዚያን ዘመን መርፌ ስላልነበረ ሕዝቡ በሥራ ሥርና በልማድ መድኃኒት ይታመን ነበር፤ ይህም አያስነቅፍም። ዛሬ ግን የእንዶድ ሥር መጠጣት ራሱ መርዝ ነው። የተነከሰ ሰው ወንዝ መሻገር የለበትም የሚለውም ልማድ ክትባቱ ከወንዝ ማዶ ለሆነበት ሰው የሞት ፍርድ ይሆንበታል። ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በዓባይ ወንዞች የተለያዩ ከተሞች ናቸው፤ ሕክምና ፈላጊ ድልድይ መሻገሩ ግድ ነው። ጸሎትና ጠበል የሚሻ ሰው ይህንኑ ከመርፌው ጋራ አስተባብሮ ቢፈጽም የሚከለክለው የለም፤ መርፌውን ግን አይተው።

ከዚህ በላይ ያለው የአስተዳደሩ ተግባር ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኀይሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ መብራት በሚቋረጥበት ከተማ ማቀዝቀዣውን ማን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መወሰን ይገባል። ውሻን በጥይትና በመርዝ መፍጀት በሽታውን አያጠፋውም፤ በሞቱት ቦታ ሌሎች ያልተከተቡ ይመጣሉና። ከከተማው ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑት በየጊዜው የተከተቡ እንደ ሆነ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ቆሻሻንም በጊዜ ማስነሣት መንጋውን ያሳንሳል። ከውሻ በሚመጣው በዚህ በሽታ ሰው እንዳይሞት ለማድረግ የዓለም ማኅበራት የቆረጡት ዓመት 2030 ነው፤ ፓስተር ያረፈበት ሴፕቴምበር 28 ቀንም ለዚሁ መታሰቢያ በየዓመቱ ይከበራል።

የተከበራችሁ ወገኖች፤ ለአንድ የተነከሰ ልጅ የወላጆቹ ተግባር ሳሙናና ውሃ፣ የሐኪሙ ተግባር መርፌ፣ የሹሙም ተግባር መርፌው በቅርብ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ለተነከሰች የቤት ሠራተኛ ደግሞ የአሠሪዋ ተግባር ፈቃድ መስጠትና ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ከነዚህ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ የሌሎቹ ድካም ከንቱ ይሆናል፤ ሁሉም ተባብረው በጊዜው የፈጸሙት እንደ ሆነ ግን ሰው በዚህ በሽታ የሚሞትበት ምክንያት አይኖርም።