ትሉ በጠፋበት ዓመትም መቍጠር
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት ራት ነው። ቦታው በስዊስ አገር ኤንጋዲን የሚባለው ደጋ ሸለቆ ሲሆን፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በዚያ ሸለቆ ላርች የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ቅጠሉ መርፌ መሰል ነው፤ ዳሩ ግን ብርድ ሲመጣ ያራግፈዋል። የእሳት ራቷ ትሎች ለጋውን ቅጠል ይበላሉ። በስምንት ወይም በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ ትሉ እጅግ ይበዛና ተራራው እሳት የለበለበው ይመስላል። ዛፉ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ብዙ ሳይቈይ እንደገና ያቈጠቍጣል።

በ1949 የስዊስ ሊቃውንት ቅርንጫፍ እየቈረጡ፣ በአንድ ኪሎ ቅርንጫፍ ላይ ስንት ትል እንዳለ መቍጠር ጀመሩ። ትሉ በበዛበት ዓመት መቍጠር ማንንም አይሰለችም፤ ጥፋቱን ሁሉም ያየዋልና። እኔን የሚያስደንቀኝ ትሉ በጠፋባቸው ዓመታት ቅርንጫፉን ሁሉ ፈትሸው፣ ጥቂቱን ወይም ባዶውን መዝግበው፣ በዓመቱ ደግሞ መመለሳቸው ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ቍጥር መካከል ያለው ልዩነት ከ10,000 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ዝቅተኛው ከተጻፈ ብቻ ነው።

ታዲያ ምን ጠቀመ ትሉኝ ይሆናል። ትሉ ከበዛ በኋላ ለምን ይከስማል? ለረጅም ጊዜ ምክንያት ሆኖ ይነገር የነበረው ቅጠሉ ነው፤ የተበላ ላርች በሚቀጥለው ዓመት የሚያወጣው ቅጠል አጭርና ጠጣር፣ ምግብነቱም ያነሰ ነው። ሌላው ምክንያት በትሉ ላይ ዕንቍላላቸውን የሚጥሉት ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፤ ልጆቻቸው ትሉን ከውስጥ በልተው ይጨርሱታል። በ2003 ፒተር ተርቺንና የሥራ ባልደረቦቹ ያንኑ የቈየ መዝገብ በሒሳብ መርምረው የተርቦቹ ድርሻ እንደሚበልጥ አሳዩ። መዝገቡን የጀመሩት ሰዎች እንዲህ ያለውን ሒሳብ የሚሠራ ኮምፒዩተር በእጃቸው አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የትሉ ምልክት በላርች ግንድ ቀለበቶችና በአሮጌ ቤቶች እንጨት ላይ ተፈልጎ፣ ይህ ዙር 1,200 ዓመት ያህል እንደ ኖረ በ2007 ታተመ። ዳሩ ግን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ዙሩ ተቋርጦ ነበር። ብዙዎች የአየሩን መሞቅ በምክንያትነት አቀረቡ። በ2017ና በ2018 ደግሞ ትሉ ተመለሰ! ይህ የሙቀቱን ምክንያት ውድቅ ያደርገዋል አልልም፤ በእኔ አስተያየት ግን «ሙቀት ነው» ብሎ ለመዝጋት የቸኰለ ሰው ገና መቍጠር ነበረበት።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የመመረቂያ ጽሑፍ ስንሠራ አንድ ወቅት እንቈጥርና መዝገቡ ከእኛ ጋር ይወጣል። የሚቀጥለው ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በግቢያችን ካሉት ዛፎች ዐሥሩ ተመርጠው ምልክት ይደረግባቸው፤ በየወሩ በተወሰነ ቀን ቅርንጫፋቸው ይቈጠር፤ ምንም ካልተገኘ «ምንም» ተብሎ ይጻፍ። መዝገቡ በመምህራን እጅ ይቀመጥና አንደኛው ክፍል ለሌላው ያስረክብ። ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ይስጠኝ።