ስለ አሮን ኸርናንዴዝ ድራማና ስለ ኮሌጁ ደጋፊዎች

በማኅበሩ የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም ኮሌጅ ውስጥ ያለን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው ብዬ ስለማምን፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። ከመስከረም እስከ ኅዳር 2024 ዓ.ም. ኤፍ ኤክስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ አሮን ኸርናንዴዝ ባለ አሥር ክፍል ድራማ አሳይቷል። (ዓመቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ድራማው የተመሠረተው ቦስተን ግሎብ የተባለው ጋዜጣ በ2018 ባወጣው ሰፊ ምርመራ ላይ ነው። ከእናንተ መካከል ያየው እንዳለ ሁሉ ያላየውም ብዙ ስለሚሆን በመጀመሪያ የሰውየውን ታሪክ ባጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ነገር፣ ማለት የቀድሞ ኮሌጁ ደጋፊዎች ድራማውን እንዴት እንደ ተቀበሉት ወደ መናገሩ እሻገራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው አንድ ቃል ልናገር። ይህ እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በእጅና በትከሻ ነው፤ ለምን እንዲህ ብለው እንደ ሰየሙት እነርሱ ያውቃሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደረገውም የኮሌጆች ውድድር ተማሪ ለተማሪ የሚያጨበጭብበት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጌይንዝቪል ከተማ የሚገኘው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ88,000 በላይ ሰው ይይዛል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተመረቀው፣ ነጋዴው፣ የመኪና ጠጋኙ፣ የኮሌጁን ደጅ አንድ ቀን ረግጦ የማያውቀው ሰው ሳይቀር «የኛ ቡድን» እያለ ይጮኻል።

አሮን ኸርናንዴዝ በ1989 ብሪስቶል በምትባል የኮኔቲከት ከተማ ተወለደ። አባቱ በ2006 መጀመሪያ ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ሳይታሰብ ሲሞት ልጁ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ልጆቹን ይመታ እንደ ነበር ታላቅ ወንድሙ በኋላ በአደባባይ ተናግሯል፤ ሆኖም በቤቱ የሚፈራና የሚታዘዙለት ሰው እርሱ ብቻ ነበር ይባላል። በዓመቱ፣ በጥር ወር 2007፣ ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ከእኩዮቹ በግማሽ ዓመት ቀድሞ ለቆ በ17 ዓመቱ ፍሎሪዳ ገባ። አራት ወር ሳይቆይ በመጠጥ ቤት በተነሣ ጠብ አንድ ሠራተኛ መትቶ የጆሮውን ታምቡር ቀደደ፤ ጉዳዩ ከፍርድ ሳይደርስ ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በከተማው ሁለት ሰዎች በጥይት ሲቈስሉ ፖሊስ ሊጠይቃቸው ከፈለጋቸው ተጫዋቾች አንዱ እርሱ ነበር፤ በዚህ ግን አልተከሰሰም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደጋፊው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው። ጥር 2009 ፍሎሪዳ ኦክላሆማን 24 ለ 14 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ኸርናንዴዝ በ2009 ውድድር በቦታው ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተብሎ የጆን ማኪን ሽልማት ተቀበለ። በሦስት ዓመት 111 ኳሶች ያዘ። በ2010 የኒው ኢንግላንድ ፓትርዮትስ ቡድን ወሰደው፤ በ2012 ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል ፈረመ። ሰኔ 2013 ኦዲን ሎይድ የተባለ የ27 ዓመት ሰው በጥይት ተገድሎ ተገኘ። ኸርናንዴዝ ተይዞ በ2015 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሚያዝያ 2017 በሌላ የግድያ ክስ ነጻ ተባለ፤ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ በወህኒ ቤቱ ውስጥ በገዛ እጁ ሞተ። እርሱም 27 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ወደ ደጋፊዎቹ ልምጣ። ድራማው ሲታይ ከፍሎሪዳ ወገን የተሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ማልያው የዚያ ዘመን አይደለም፣ ተዋናዩ ያንን ተጫዋች አይመስልም፣ ጨዋታው እንዲህ አልነበረም እያሉ በዚህ ሲከራከሩ ሰነበቱ። ኳስ ወዳድ በሁሉም አገር እንዲህ ስለ ሆነ አልፈርድባቸውም።

የሚያስጨንቀው ሌላው አነጋገር ነው። ይኸውም፦ ይህ ሰው ከእኛ ዘንድ ሲወጣ ወንጀለኛ አልነበረም፣ ነገሩ ሁሉ የተፈጸመው ከሄደ በኋላ በማሳቹሴትስ ነው፣ ስለዚህ የኮሌጃችን ስም በዚህ ታሪክ ሊነሣ አይገባም የሚለው ነው። ቃሉ አዲስ አይደለም። የቀድሞ አሠልጣኙ ሚስተር ኧርባን ማየር በ2013፣ ኸርናንዴዝ በተያዘ ሰሞን፣ ነገሩን ከዩኒቨርሲቲው፣ ከራሳቸውና ከረዳቶቻቸው ጋር ማያያዝ ስሕተትና ኀላፊነት የጎደለው ነው ብለው ለጋዜጣ ጽፈው ነበር። ደጋፊው ይህንኑ ቃል ከአሥር ዓመት በኋላ ደገመው።

በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት እንዳለ አልክድም፤ እንዲያውም ድራማውን ከሚያመሰግኑት ይልቅ በዚህ ረገድ ወደ ደጋፊዎቹ አደላለሁ። የድራማ ደራሲ የሰውየውን መጨረሻ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለሚያውቅም እያንዳንዱን ቀን ወደ ግድያው የሚያደርስ ደረጃ አድርጎ ይሠራዋል። አሠልጣኙ በቢሯቸው በር ዘግተው ለልጁ ምን እንዳሉት የጻፈ ሰው የለም፤ ደራሲው ግን በሕይወት ባለ ሰው አፍ ውስጥ ቃል ያስገባል፤ ተመልካቹም በማግስቱ «እንዲህ ብለውት እኮ ነው» ይላል። በዚያው ቡድን ያንኑ አሠልጣኝ እየሰሙ፣ ያንኑ ጨዋታ እየተጫወቱ ማንንም ያልገደሉ ብዙ ልጆች ነበሩ። አሠልጣኙም ከልጁ ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ያነቡ እንደ ነበር ተጽፏል። የቡድኑ ዝነኛ ተጫዋች ቲም ቲቦውም በዚያ መጠጥ ቤት ጠብ ሊያበርድ ሞክሮ ነበር። ኮሌጁ ነፍሰ ገዳይ አሳደገ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አይደለሁም።

ነገር ግን ሐምሌ 2013 የሆነውን ተመልከቱ። በስታዲየሙ ደጃፍ የምርጥ ተጫዋቾች ስም የሚቀረጽባቸው ድንጋዮች አሉ። ዩኒቨርሲቲው የኸርናንዴዝን ድንጋይ ከዚያ ነቅሎ አነሣ። በዚያን ጊዜ ሰውየው ታስሮ እንጂ ገና ተፈርዶበት አልነበረም፤ ፍርዱ የመጣው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያው ወር በሰሜን ያለው ቡድኑ ደግሞ የኸርናንዴዝን ማልያ ለሚመልስ ሁሉ የሌላ ተጫዋች ማልያ በነጻ እለውጣለሁ ብሎ አስነገረ፤ ሰው ተሰልፎ ከ2,000 በላይ ማልያ መለሰ። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ድንጋዩ መነሣቱን አልቃወምም። የገዳይን ስም ሕፃናት በሚያልፉበት ደጃፍ ላይ ማቆየት አይገባም የሚል ሰው ምክንያት አለው።

ሆኖም ዋንጫው አልተነሣም። 24 ለ 14 ዛሬም 24 ለ 14 ነው። እነዚያ 111 ኳሶች ዛሬም በኮሌጁ መዝገብ ይቈጠራሉ። ጓደኞቼ፣ ልጁ የኛ አልነበረም ካልን፣ እጁ የያዛቸው ኳሶች የማን ናቸው? ደጋፊው ይህን ጥያቄ ሲሰማ የሚቈጣው ኮሌጁ ተከሰሰ ብሎ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ወንጀል ክስ አልተናገርሁም። የምለው ስለ ሦስት ዓመት ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ልጁ የማን ነበረ ብሎ መጠየቅና ማን ገደለ ብሎ መጠየቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ድራማው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል፤ ደጋፊውም ድራማውን ሲመልስ እንደዚያው አደባልቆ ይመልሳል፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲያስተባብል የመጀመሪያው ሳይመለስ ያልፋል።

ያ የመጀመሪያው ጥያቄ በቍጥር የሚገለጽ ገጽ አለው። በ2009 ሚስተር ማየር በዓመት 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ነበራቸው። ተጫዋቾቹ በዚያ ዘመን ደንብ ከትምህርታቸው፣ ከመኝታቸውና ከቀለባቸው በቀር ደመወዝ እንዳይቀበሉ ክልክል ነበር። አሠልጣኙ በፍሎሪዳ በቈዩባቸው ስድስት ዓመታት ተጫዋቾቻቸው ከሠላሳ ጊዜ በላይ በፖሊስ እንደ ተያዙ ጋዜጦች ቈጥረዋል፤ ከነዚህ ውስጥ ቀላል ጥፋቶችም አሉባቸው። ከዩኒቨርሲቲው ተራ ተማሪዎች አንዱ፣ ኳስ የማይዝ፣ በገባ በአራተኛው ወር የሰው ጆሮ ቢያደማ በእርሱ ላይ ምን ይደርስ ነበር? መምህራኖቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ለኸርናንዴዝ በመልካም ያሰቡለት ሰዎች ነበሩ፤ ግን ያሰቡለት ሁሉ ቅዳሜ እንዲጫወት የሚፈልጉት ሰዎች ነበሩ። ከ88,000ው ወንበር አንዱ ላይ የተቀመጠው ደጋፊም በዚያ ዓመት የጠየቀው ይጫወታል ወይስ አይጫወትም ብሎ ነው።

ስለ አንጎሉ ጥቂት ልበል፤ ድራማውም ደጋፊውም አንሥተውታልና። ከሞተ በኋላ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አንጎሉን መርምረው ሲ ቲ ኢ የተባለውን፣ ራስ በተደጋጋሚ ሲመታ የሚመጣውን በሽታ አገኙበት። ደረጃውም ከአራት ሦስተኛ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ይህን ያህል የከፋ አይተው እንደማያውቁም ተናገሩ። በሽታው ለግድያው ምክንያት ነው ግን አላሉም። ይህን የሰማ አንዳንድ ሰው «እንግዲያስ ጥፋቱ የበሽታው ነው» ብሎ ቀለል ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ «ሰበብ ነው» ብሎ ይጥለዋል። እነዚያ ግጭቶች ከልጅነቱ ጀምሮ የተጠራቀሙ መሆናቸውንና ሦስቱ ዓመት በዚያው በጌይንዝቪል ሜዳ ያለፈ መሆኑን ግን ሁለቱም አያነሡም።

ከሁሉ የከፋው ዝምታ ግን ስለ ሟቹ ነው። ኦዲን ሎይድም ኳስ ተጫዋች ነበር። ቦስተን ባንዲትስ በሚባል አነስተኛ ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር፤ 88,000 ሰው አልጮኸለትም፤ ስሙ በድንጋይ አልተቀረጸም። የኸርናንዴዝን እጮኛ እኅት ይወድ ነበርና በዚህ ምክንያት ተዋወቁ። እናቱ በ2015 ፍርድ ቤት ቆመው በልጃቸው ሞት እጃቸው ያለበትን ሁሉ ይቅር ማለታቸውን ተናግረዋል። ኸርናንዴዝ በኋላ ነጻ በተባለበት ክስ የተነሡት ሁለቱ ሟቾች ደግሞ ከኬፕ ቬርዴ ቦስተን ገብተው በጽዳት ሥራ የሚተዳደሩ ስደተኞች ነበሩ፤ በ2012 በመኪናቸው ውስጥ ሳሉ ተተኰሰባቸው። የአፍሪካ ልጆች ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም የማነሣቸው። ድራማው ካለቀ በኋላ ሰው አሠልጣኙን በደንብ አሳይቷቸዋል ወይስ አላሳያቸውም ብሎ ሲከራከር፣ የእነዚህን ሰዎች ስም ስንቱ ያስታውሳል?

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ስላሳዩኝ ወደ መጨረሻው ልሂድ። ከ2021 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ጀምሮም ኮሌጆቹ ራሳቸው ይከፍሏቸዋል። ሁለተኛ ደረጃን በግማሽ ዓመት ቀድሞ መልቀቅም ያኔ ጥቂቶች የሚያደርጉት ነበር፤ አሁን የተለመደ ሆኗል። በየጥር ወሩ የ17 ዓመት ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው፣ ከቤታቸው እጅግ በራቀ ከተማ፣ ሰው ሁሉ የማልያ ቍጥራቸውን በሚያውቅበት ኮሌጅ ይገባሉ። ለውይይታችን የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ መምህራኖቻችንም እንዲመልሱልን እለምናለሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍላችሁ ቢገባ፣ ሁለት ሳምንት ቀርቶ በሦስተኛው ዐይኑ አብጦ ቢመጣ፣ የምትነግሩት ለማን ነው? የምትነግሩት ሰው ልጁ ቅዳሜ ባይጫወት የሚጎድልበት ነገር አለ ወይስ የለም?